በቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍል ሕፃኑ የሚመራው ትምህርት

ሕፃኑ የሚመራው ትምህርት ማለት ሕፃኑ ከተዘጋጁለት ተግባራት የሚሠራውን ራሱ መርጦ በራሱ ፍጥነት እየሞከረ የሚማርበት፣ መምህሯም ከጨዋታውና ከጥያቄው ተነሥታ ትምህርቱን የምታስቀጥልበት አሠራር ነው። ሕፃናትን ያለ ሥርዓት መልቀቅ ተደርጎ የሚተረጎምበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ምርጫው የሕፃኑ ቢሆንም ቁሳቁሱን የምታዘጋጀው፣ ጊዜውን የምትወስነውና ደኅንነቱን የምትጠብቀው መምህሯ ናት።

አሠራሩን በዓለም ካስተዋወቁት መካከል እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ሳን ሎሬንዞ ሰፈር የሕፃናት ቤት የከፈቱት ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ይጠቀሳሉ። በአገራችን በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የተከፈተው «ኦ» ክፍል ለብዙ ሕፃናት የትምህርትን በር ከፍቷል። ሆኖም ለትልልቅ ተማሪዎች በተሠራ ዴስክ ላይ ተደርድሮ ፊደል በኅብረት መድገም በብዙ ቦታ እንደቀጠለ ነው።

ለለውጡ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። ክፍሉን በማዕዘናት መክፈል፣ በአንዱ ጭቃና ውኃ፣ በሌላው ጠጠር፣ ቆርኪና ሰበዝ፣ በሦስተኛው የዕቃ ዕቃ መጫወቻ በሕፃናቱ ቁመት ልክ ማስቀመጥ ይበቃል። አንዲት ሕፃን ከጭቃ «እንጀራ» ጋግራ አምስት እንግዶች ጠራች እንበል፤ ያላት ሰሃን ግን ሦስት ነው። መምህሯ መልሱን ከመንገር ይልቅ «ሁሉም እንዲበሉ ምን እናድርግ?» ብላ ትጠይቃለች። ሕፃኗ ሁለት ቆርኪ ብታመጣ ቈጥራለች፤ ሁለት እንግዶችን በአንድ ሰሃን ብታስቀምጥም አካፍላለች። ሁለቱም ሒሳብ ነው፤ መምህሯም በማስታወሻዋ ትመዘግበዋለች።

የሕፃናቱ ቁጥር በበዛበት ክፍል ግማሾቹ በማዕዘናት ሲሠሩ ሌሎቹ በውጭ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወቱ ቢፈራረቁ ይመረጣል፤ ለዚህም ረዳት መምህር ያስፈልጋል።

ወላጆች ደብተሩ በፊደል ተሞልቶ ካላዩ ልጃቸው ያልተማረ ይመስላቸዋል። ስጋታቸው ሊናቅ አይገባም። ጭቃ ማድቦልቦል እርሳስ የሚይዙትን ጣቶች እንደሚያጠነክር፣ ፊደልም ከሕፃኑ ስም ሲጀመር ቶሎ እንደሚለመድ በክፍሉ ተገኝተው ቢያዩ ከማብራሪያ ይልቅ ያሳምናቸዋል።

ምንም ሳይመርጥ ቆሞ የሚመለከት ሕፃንም ይኖራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ የተለመደ ስለሆነ መምህሯ ሳትገፋው አጠገቡ ተቀምጣ አንዱን ሥራ ራሷ ትጀምራለች። ዝምታው ከቀጠለ ግን የመስማትና የማየት ችሎታው በጤና ጣቢያ እንዲታይ ከወላጆቹ ጋር ልትመክር ይገባል።