የሶፍትዌር ፕሮጀክት አሠራርና አስተዳደር ምርጫ

የሶፍትዌር ፕሮጀክት አሠራርና አስተዳደር ምርጫ ማለት አንድ ሶፍትዌር በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ፣ ውሳኔውን ማን እንደሚሰጥና ክፍያው በምን እንደሚለቀቅ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ስልቶች

በፏፏቴ ስልት ጥናት፣ ንድፍ፣ ግንባታ፣ ሙከራና ርክክብ በተራ ይከናወናሉ። እንደ ጢስ ዓባይ ውሃ ሁሉ ሥራው ወደ ኋላ አይመለስም። ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ቅደም ተከተል ሲገልጽ፣ ሙከራን እስከ መጨረሻው ማቆየት አደገኛ መሆኑንም አስጠንቅቋል። በአጃይል ስልት ደግሞ ሥራው በአጫጭር ዙሮች ይከፈላል፤ ተጠቃሚው በየዙሩ የተሠራውን ሞክሮ ያርማል። የአጃይል መርሆች እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት በ17 ባለሙያዎች ተጽፈዋል። ሁለቱን ማደባለቅም የተለመደ ነው።

በኢትዮጵያ

ሌላው ምርጫ ሶፍትዌሩን አዲስ መሥራት ወይም የተዘጋጀ መውሰድ ነው። አይቤክስ የተባለው የመንግሥት በጀትና ሒሳብ ሥርዓት ለአገሪቱ አሠራር ተብሎ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው። በኋላ የገባው ኢፍሚስ በኦራክል ኩባንያ ምርት ላይ ተመሥርቷል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ደግሞ ሞሲፕ በተባለ፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ተገንብቷል፤ የሕግ መሠረቱም አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው።

ምሳሌ፦ ባሕር ዳር

ባሕር ዳር የአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። በዚያ ያለ አንድ ቢሮ የገጠር መሬት መዝገብ ሶፍትዌር አሠራ እንበል። ሶፍትዌሩ የሚያገለግለው ከተማውን ብቻ ሳይሆን በጣና ዳር ያሉ ወረዳዎችንና እንደ ደቅ ያሉ ደሴቶችንም ነው። መዝገቡ መያዝ ያለበትን መረጃ ሕጉ ስለሚወስነው ይህ ክፍል በፏፏቴ ስልት ሊሠራ ይችላል። መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ የወረዳው ባለሙያ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከቢሮ ሆኖ መገመት አይቻልም፤ ስለዚህ የመመዝገቢያው ገጽ በቦታው እየተሞከረ በየዙሩ ቢሻሻል ይመረጣል።

አስተዳደር

ስልቱ ምንም ይሁን ምን ውሉ ሦስት ነገሮችን መመለስ አለበት። የመጨረሻው ውሳኔ የማን ነው? ክፍያው የሚፈጸመው ለተጻፈ ሰነድ ነው ወይስ ተሞክሮ ለሠራ ክፍል? አሠሪው ምንጭ ኮዱን ይረከባል ወይ? የመጨረሻው ከተዘነጋ፣ ሠሪው ድርጅት ሲሄድ ቢሮው ትንሽ ስህተት እንኳ ማረም ያቅተዋል፤ መዝገቡም ወደ ወረቀት ይመለሳል።