የሰባቱ ድልድዮች እንቆቅልሽና የሲሊኮን ሴሎች አነዳደፍ

ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 4004 የተሰኘውን ማይክሮፕሮሰሰር ባወጣ ጊዜ፣ በውስጡ የነበሩት 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች አቀማመጥ የተነደፈው በሰው እጅ ነበር። ነዳፊዎቹ ሥዕሉን በመቶዎች እጥፍ አጉልተው፣ ሩቢሊት በሚባል ቀይ የፕላስቲክ ልባስ ላይ በስለት እየቆረጡ ያወጡት ነበር። አንዲት መስመር ስታ ብትቆረጥ፣ ቺፑ ተሠርቶ እስኪፈተን ድረስ ጥፋቱ ላይታወቅ ይችል ነበር።

የትራንዚስተሮቹ ቁጥር ሲበዛ፣ አንድ ጊዜ ተነድፈው ደጋግሞ የሚሠራባቸው፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሴሎች ተዘጋጁ። ሴሎቹን መደርደርና ማያያዝ ለኮምፒዩተር ሲሰጥ፣ የሴሉ ውስጥ ግን በነዳፊው እጅ ቀረ። ቁመቱ የተወሰነ በመሆኑ ቁጠባው ያለው በወርዱ ላይ ነው፤ በአንድ ሴል ውስጥ የባከነች ክፍተትም ሴሉ በተደጋገመ ቁጥር ትባዛለች።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል? በሲሞስ ሴል ውስጥ ሁለት የትራንዚስተር ረድፎች ከላይና ከታች ትይዩ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ግብዓት፣ ማለትም ከውጭ የሚገባው የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ሁለቱንም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ያቋርጣል። ጎረቤታሞች ትራንዚስተሮች የጋራ መገናኛ ካላቸው ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ከሌላቸው በመካከላቸው ባዶ ሥፍራ ይተዋል። እንግዲህ ነገሩ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ስምንት ግብዓቶች ብቻ እንኳ በ40,320 ዓይነት መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ።

ታካኦ ኡዬሃራና ዊልያም ቫንክሊምፑት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ መላ አበጁለት። መገናኛዎቹ እንደ ነጥብ፣ ትራንዚስተሮቹ እንደ መስመር ቢቆጠሩ፣ ክፍተት የሌለው ረድፍ ማለት እርሳስ ሳያነሡ፣ በአንዱም መስመር ሁለት ጊዜ ሳያልፉ ሥዕሉን መጨረስ ማለት ነው። ይህም ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 በኮኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች ላይ የመረመረው እንቆቅልሽ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ የላይኛውና የታችኛው ሥዕል በአንድ ቅደም ተከተል መታለፍ ያለባቸው መሆኑ ነው። «እና» እንዲሁም «ወይም» የሚባሉት የሎጂክ ክፍሎች ሁሉ የግብዓታቸው ቁጥር ለሁለት የማይከፈል ከሆነ፣ እንዲህ ያለው የጋራ መንገድ እንደማይታጣ ተመራማሪዎቹ አረጋገጡ። ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ አንድ ሐሰተኛ ግብዓት ይጨምራሉ፤ እርሱም በረድፉ ዳር ሲውል ያለ ጉዳት ይወገዳል፣ በመካከል ሲውል ክፍተት ይሆናል።

ዘዴው ከሁሉ ጠባቡን ሴል ለማስገኘቱ ዋስትና አልነበረውም። የሚደነቀው ግን፣ ነዳፊው በልምድና በዓይን ግምት ያደርገው የነበረውን ሊሰላ ወደሚችል ጥያቄ መመለሳቸው ነው።

ነዳፊው ግን ብዕሩን አላስቀመጠም። በሴሉ ውስጥ ሽቦዎችን ማሳለፍ ገና ሌላ ራስ ምታት ነበር፤ የማምረቻው ደንብም ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር እየጠበቀ ሄደ። የኤንቪዲያ ተመራማሪዎች ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከሙከራና ከስሕተት እየተማረ ሴል የሚነድፍ ፕሮግራም ሲያቀርቡ፣ ውጤቱን የመዘኑት በሰው እጅ ከተነደፉ ሴሎች ጋር በማወዳደር ነበር።