የዐባይ ማነስና የሹማምንት ተጠያቂነት፦ አል-መቅሪዚይ ስለ 806 ዓመተ ሂጅራ ረሃብ

አል-መቅሪዚይን (ረሒመሁላህ) በአገራችን በይበልጥ የምናውቃቸው ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት በጻፉት «አል-ኢልማም» ነው። እዚህ የምናነሣው ግን ሌላውን አጭር ኪታባቸውን፣ በ808 ዓ.ሂ. (1405 እ.ኤ.አ.) የጻፉትን «ኢጋሠቱል ኡማ ቢከሽፊል ጉማ»ን ነው።

በ806 ዓ.ሂ. ከሐበሻ ደጋ የሚወርደው የዐባይ ሙላት ግብፅ ላይ አነሰ። ብዙ ማሳ ጦም አደረ፤ እህል ተወደደ፤ ረሃቡን ወረርሽኝ ተከተለው፤ ሕዝብ አለቀ። የመምሉኩ ሱልጣን አን-ናሲር ፈረጅ ገና ለጋ ወጣት ነበር፤ አሚሮቹም በሥልጣን ሽኩቻ ተጠምደው ነበር። ብዙዎች መከራውን አምሳያ የሌለው፣ መፍትሔም የማይገኝለት አድርገው ቆጠሩት።

አል-መቅሪዚይ በዚህ አልተስማሙም። በፋጢሚዩ ኸሊፋ አል-ሙስተንሲር ዘመን ለዓመታት የዘለቀውን ጨምሮ ግብፅን የመቷትን ረሃቦች ተራ በተራ ዘረዘሩ። ከዚያም የዘመናቸው መከራ ሥር የሰደደው በገዢዎች ብልሹ አስተዳደርና የሕዝብን ጥቅም ቸል በማለታቸው ነው ሲሉ ደመደሙ። ምክንያቶቹንም ሦስት አድርገው አቀረቡ።

አንደኛው ሹመት በጉቦ መሸጡ ነው። ሚኒስትርነትም፣ ቃዲነትም፣ የአውራጃ ገዢነትም በገንዘብ ይገኝ ነበር። ተሿሚው የከፈለውን ለማስመለስ ከበታቹ ያለውን ይመዘብራል፤ ሸክሙ መጨረሻ ላይ ገበሬው ላይ ያርፋል፤ ገበሬውም መንደሩን ጥሎ ይሰደዳል። ሁለተኛው የአሚሮች ወኪሎች የመሬት ኪራይን በየጊዜው ማናራቸው ነው። ሦስተኛው የብር ዲርሀም ጠፍቶ ገበያው በመዳብ ፉሉስ መጥለቅለቁ ነው። አል-መቅሪዚይ በ801 ዓ.ሂ. የካይሮ ሙሕተሲብ ሆነው ገበያውን ተቆጣጥረዋልና የሚጽፉት ከውስጥ ያዩትን ነው።

ትንተናቸው ግን ጉድለት የለበትም አንልም። በ749 ዓ.ሂ. ግድም የገባውና እየተመላለሰ የአራሹን ቁጥር ያመናመነው ታላቁ ወረርሽኝ በኪታቡ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ቢሆንም ያነሡት ጥያቄ አላረጀም፤ ውኃው ሲያንስ ጎተራው በማን እጅ ነበር?

ይህ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ዝናብ በወሎ ሲጠፋ ድርቁን ያመጣ ሹም አልነበረም። ረሃቡን የሸሸጉ ግን ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሹማምንቱን የጠየቀውም ለምን አልዘነበም ብሎ ሳይሆን እያወቃችሁ ምን አደረጋችሁ ብሎ ነው።

መምህራንና ኢማሞች በአደጋ ጊዜ ሕዝቡን ወደ ተውባና ወደ ኢስቲስቃእ ሶላት መጥራታችን ግዴታችን ነው። ሆኖም ቀደርን ጠቅሰን ዝም ስንል፣ ሳናስበው እህል ለቆለፈና ወሬ ለደበቀ ሹም መሸሸጊያ እንሠራለን። ዑመር (ረ.ዐ.) በረማዳው ድርቅ ዓመት ሕዝቡ እስኪጠግብ ቅቤና ሥጋ እርም ብለው፣ ከየግዛቱ እህል ሲያስጭኑ ስለ ቀደር ከእኛ ያነሰ እምነት ኖሯቸው አልነበረም። አላህ ፊት በአማናቸው እንደሚጠየቁ ስላወቁ ነበር። ሚንበራችንም ሁለቱን አብሮ ሊያስተምር ይገባዋል፤ ለተጎጂው ሶብርን፣ ለሹሙ ደግሞ ሒሳብን።