ፊልም ሲታጠብ፦ የፎቶ ቤትና የቤተሰብ አልበም ታሪክ በኢትዮጵያ

በአማርኛ ፎቶ ይነሳል፣ ፊልም ይታጠባል፤ ብርሃን ሳይታሰብ የገባበት ፊልም ደግሞ ተቃጠለ ይባላል። ሦስቱም አነጋገሮች የፊልም ዘመን ውርስ ናቸው። ፊልም በእጁ ነክቶ የማያውቅ ወጣት ዛሬም በስልኩ ያነሳውን ምስል በወረቀት ሲፈልገው «ላሳጥበው» ይላል፤ ከማተሚያው የሚወጣው ወረቀት ግን ውሃ አይነካውም። ቃሉ ከሥራው በላይ ዕድሜ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ የቤተሰብ ትዝታ፣ የልጅ ክርስትናም ይሁን የሙሽራ አንገት መድፋት፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ በውሃና በኬሚካል ታጥቦ ነው የወጣው።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን ከፊልም በፊት፣ በመስታወት ዘመን ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመድፉና ከዝሆኖቹ ጋር ፎቶ አንሺዎችንም ይዞ ነበር። የጦሩ መሐንዲሶች ክፍል ባልደረቦች ሲሆኑ፣ አብዛኛው ሥራቸው ካርታና ንድፍ ማባዛት ነበር፤ በመሃሉ አምባውን፣ የጦር ሰፈሩንና ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን አነሱ። አሠራሩ አድካሚ ነበር። መስታወቱ ኬሚካል ይቀባል፣ እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅ ይታጠባል። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ካላለቀ ምስል የለም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ጨለማ ክፍሉን ከነጠርሙሱ ጭኖ መጓዝ ነበረበት። በዚያው ዓመት ክረምት ከጦሩ ጋር የተወሰደው የንጉሡ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፣ በእንግሊዝ በዋይት ደሴት፣ በታዋቂዋ ፎቶ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ወላጆቹን በሳምንታት ልዩነት ያጣው ሕፃን ፊት ዛሬም ያንን ምስል ያየ ሰው በቀላሉ የሚረሳው አይደለም። እነዚህ ፎቶዎች ታሪክን አቆይተዋል፤ በምስሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን እንዴት ልታይ ብሎ የመረጠበት አንድም ነገር የለም።

ተራውን ኑሮ ለማንሳት ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የተገኘው በሐረር ነው። ግጥም መጻፍ ትቶ በንግድ የተሰማራው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ከሊዮን ካሜራ አስመጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የራሱን ምስል ሦስት ጊዜ አንስቶ ለቤተሰቡ ላከ፤ አንዱን በቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዱን በቡና ተክል መሃል፣ አንዱን በሙዝ ተክል ውስጥ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ራምቦ በደብዳቤው ምስሎቹ ነጥተው መቅረታቸውን ገልጾ፣ ምክንያቱ ለማጠቢያ ያገኘው ውሃ መጥፎ መሆኑን ጽፏል። ያ የነጣ ምስል ብዙ ይናገራል፤ የከተማይቱ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ ራሱ አሻራውን ወረቀቱ ላይ ትቷል ማለት ነውና። ከዚያ በላይ ልብ የሚነካው ግን ከራሱ ምስሎች ሌላ ያነሳው ነው፦ በገበያው ቦታ ዳቡላ የተባለውን ከረጢት የሚሠራ ሰው። ጌታ አይደለም፣ የጦር አለቃም አይደለም፤ ሥራው ላይ የተገኘ ባለሙያ ነው።

መስታወቱን የተካው ፊልም የመጣው ከአሜሪካ ነው። ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ የተባለውን ካሜራ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ውስጡ መቶ ምስል የሚይዝ ጥቅል ነበረው። ባለቤቱ መቶውን ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ምስሉ ታጥቦ፣ ካሜራው አዲስ ጥቅል ጎርሶ ይመለስለታል። እ.ኤ.አ. በ1900 የወጣው ብራውኒ ደግሞ በአንድ ዶላር ይሸጥ ነበር። ፎቶ ማንሳት የኬሚካል ዕውቀት መጠየቁ ቀረ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ እናቶች ልጆቻቸውን በጓሮ ማንሳት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1925 ጀርመኖች ያወጡት ላይካ ካሜራውን በአንድ እጅ የሚያዝ አደረገው፤ 36 ምስል የሚይዘው ቀጭን ፊልምም እስከ ዲጂታል ዘመን ድረስ የዓለም መለኪያ ሆኖ ኖረ።

በኢትዮጵያ ግን ካሜራው ወደ ጓሮ ከመድረሱ በፊት በቤተ መንግሥት በኩል ማለፍ ነበረበት። አፄ ምኒልክ ለአዲስ መሣሪያ የነበራቸው ፍቅር ይታወቃል። አማካሪያቸው የነበሩት የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ ፎቶዎችን አንስተዋል፤ ስብስባቸውም ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው በድሮስ ቦያጅያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው በንግሥት ዘውዲቱና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈጸመው የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የውጭ አገር ፎቶ አንሺዎችን ወደ አዲስ አበባ ሳበ። የክብር ፎቶ ሕግ የተቀረጸው በዚያ ዘመን ነው፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ አለመሳቅ፣ ካባውን ማስተካከል፣ ካሜራውን ትክ ብሎ ማየት። ይህ ሕግ ከቤተ መንግሥት ወርዶ የተራው ሰው ፎቶ ቤት ገባ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሳይለወጥ ቆየ።

ከሕጉ ውጭ የተነሳ አንድ ምስል አለ። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጀርመናዊው ፎቶ አንሺ አልፍሬድ አይዘንስታት ላይካውን ይዞ ኢትዮጵያ ገባ። ካነሳቸው ብዙ ምስሎች መካከል ስሙን ያስጠራው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው። ፊት የለም፣ ጋሻ የለም፣ ሰንደቅ የለም። ጭቃ የለበሰና ቆዳው የተሰነጣጠቀ እግር ብቻ ይታያል። ስለዚያ ጦርነት ከተነሱት ምስሎች ሁሉ ይህን ያህል እውነት የያዘ ጥቂት ነው።

ፎቶ ቤት የሚባለው ሙያ በከተማው ሕይወት ሥር የሰደደው አገሪቱ ከጣሊያን ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። ከአዲስ አበባው ፒያሳ ተነስቶ ወደ ሌሎች ሰፈሮች፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ተስፋፋ። በመስኮቱ የምርጥ ደንበኞች ምስል ተደርድሮ ይታያል፤ ውስጥ መስታወትና ማበጠሪያ፣ የተሳለ መጋረጃ፣ አንድ ወንበር ወይም አበባ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ይጠብቃል። ለሌለው ሰው ኮትና ክራባት የሚያውሱም ነበሩ። ደንበኛው ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ወይም በበዓል ማግስት ነጭ ለብሶ ይመጣል። ፎቶ አንሺው አገጩን በጣቱ ቀና ያደርግለታል፣ ትከሻውን ያስተካክልለታል፣ «እንዳትንቀሳቀስ» ይለዋል። ከዚያ አንድ ቅጽበት ብቻ ነው። ፊልም ውድ ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል እምብዛም አይሰጥም።

ምስሉ የሚወለደው ግን በጨለማ ክፍል ነው። ፊልሙ ድፍን ጨለማ ውስጥ ከጥቅሉ ወጥቶ ገንቢ ኬሚካል ውስጥ ይገባል፤ ብርሃን የነካቸው የብር ጨው ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣሉ። ቀጥሎ ሃይፖ የሚባለው ፈሳሽ ያልተነካውን ጨው አጥቦ ያወጣል። ይህ ካልተሠራ ምስሉ ብርሃን ባየ ቁጥር እየጠቆረ ይጠፋል። የደረቀው ኔጋቲቭ ላይ ፊት ጥቁር፣ ፀጉር ነጭ ሆኖ ይታያል። ባለሙያው በሾለ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ ጠባሳ ይሸፍናል፣ መጨማደድ ያለሳልሳል። ለወረቀቱ ሥራ ቀይ አምፖል ይበራል፤ የጥቁርና ነጭ ወረቀት ቀይ ብርሃን አይነካውምና። ብርሃን በኔጋቲቩ አልፎ ለጥቂት ሰከንድ የመታው ወረቀት ገና ባዶ ነው። ትሪው ውስጥ ሲነከርና ትሪው ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ፣ መጀመሪያ የፀጉር ጥቁረት፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ የነጠላው ጥለት እየተከተሉ ይወጣሉ። በዚህ ሙያ ያረጀ ሰው እንኳ ይህን ቅጽበት ሲያይ ዝም ይላል።

ቀለም የሚፈልግ ደንበኛ ደግሞ በእጅ ይቀባለታል፤ ጉንጭ በትንሹ ቀይ፣ የአንገት ሐብል ቢጫ፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ቅቡ አንዳንዴ ከመስመሩ ይወጣል። ያች የወጣች ጠብታ ቀለም ዛሬ ሲያዩዋት ከትክክለኛው ቀለም ትበልጣለች፤ የአንድ ሰው እጅ እዚያ እንደነበረ ትመሰክራለችና።

ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ መታወቂያ የሁሉም ሰው ጉዳይ ሆነ፤ ከመታወቂያ ጋር ጉርድ ፎቶግራፍ መጣ። ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ፣ ለሐኪም ቤት «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ» የማይጠይቅ ማመልከቻ አልነበረም። ለብዙ የድሃ ቤተሰብ አባል፣ በተለይም ለገጠር እናቶች፣ በሕይወታቸው የተነሱት ብቸኛ ፎቶ ይኸው የመንግሥት ጉርድ ነው። ሰው ሲሞት ዘመዶቹ ያንኑ ጉርድ ወደ ፎቶ ቤት ይወስዱታል፤ አሳድጎ፣ አንዳንዴም ኮት ወይም ነጠላ ጨምሮ በትልቁ ያወጣላቸዋል። በለቅሶ ላይ አልቃሽ የምትይዘው፣ ደረቷ ላይ አድርጋ የምታለቅስበት ምስል እሱ ነው። በኋላም በመቃብሩ ሐውልት ላይ ይለጠፋል። ፎቶ አንሺ ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ የመቃብር ሥፍራ በፀሐይና በዝናብ የደበዘዙ እነዚህን ምስሎች መልሶ አንስቷል፤ ፊቱ ጠፍቶ የትከሻው ቅርጽ ብቻ የቀረበት ምስል ሁሉ አንድ ጊዜ ፎቶ ቤት ገብቶ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነበር።

ቀለል ያለው ውበት የሚገኘው ግን ካሜራ ቤት ሲገባ ነው። ከውጭ አገር የተመለሰ ወንድም፣ በደርግ ዘመንም ከሶቭየት ኅብረት ዜኒት ካሜራ ይዞ የመጣ ተማሪ፣ በሰፈሩ ባለ ካሜራ ይባላል። የገባው ፊልም 36 ነው፤ እሱም ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ መድረስ አለበት። ስለዚህ ሰው ይመርጣል። አሥሩ ለክርስትናው፣ አምስቱ ለአያት፣ የቀሩት እንዳጋጣሚው። የዛሬው ዓይን ወደ አልበሙ ሲመለስ የሚያርፈው እነዚያ የቀሩት ላይ ነው፦ ረከቦት ፊት ጎንበስ ያለች እህት፣ ቴፕ ሪከርደር ጎን እጁን ያስደገፈ አጎት፣ በር ላይ ተቀምጣ የሽሮ እህል የምትለቅም ጎረቤት፣ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ። ከምስሉ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም ያላሰበው ይገኛል፤ ያኔ የነበረው የቆርቆሮ አጥር፣ ዛሬ የሌለው ዛፍ፣ ካሜራውን ያላየ ውሻ። እነዚህን ማንም ሊያነሳ አላሰበም፤ ፊልሙ ግን ያዛቸው።

ምስሉ ታጥቦ ወደ ቤት የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። አንገቱ የተቆረጠ፣ ዓይኑን የጨፈነ፣ የፎቶ አንሺው ጥላ የወደቀበት ሁሉ አብሮ ይመጣል፤ ገንዘብ የወጣበት ስለሆነ ግን አይጣልም። በአንድ ትልቅ ፍሬም ውስጥ አሥር አሥራ አምስት ትንንሽ ፎቶዎች ተደራርበው ይገባሉ፤ ቦታ ያላገኘው ከመስታወቱ ጥግ ይሰካል። ለወዳጅ የሚሰጥ ፎቶ ደግሞ ጀርባው ይጻፍበታል። «ለማስታወሻነት» ተብሎ ተጀምሮ ስምና ቀን፣ አንዳንዴ አንድ ሁለት የግጥም ስንኝ ይከተላል። ለታሪክ ጸሐፊ ጀርባው ከፊቱ አያንስም፤ ጀርባው ያልተጻፈበት ምስል ባለቤቶቹ ሲያልፉ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ባለ ቀለሙ ፊልም ሲመጣ ጨለማ ክፍሉ ለማሽን ቦታውን መልቀቅ ጀመረ። የቀለም አጣጠብ በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀቱ ሳይዛነፍ መሠራት ስላለበት ለእጅ ሥራ አይመችም። ቀለሙም ዕድሜው አጭር ነው። በደንብ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የያዘው ብር ነው፤ የቀለሙ ፎቶ ግን ማቅለሚያው እየሳሳ ወደ ቀይነት ያደላል። በብዙ ቤት የአያቶች ሠርግ ከልጆቻቸው ሠርግ ይልቅ ጠርቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ከዚያ ዲጂታል ካሜራና ስልክ መጡ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮዳክ ራሱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ፊልም ግን አልሞተም፤ ኩባንያው ከገበያ አውጥቶት የነበረውን ኤክታክሮም የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 መልሶ አመረተ፤ ከገዢዎቹም መካከል በስልክ ዘመን ያደጉ ወጣቶች ይገኙበታል። በአዲስ አበባ ደግሞ ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ሥራ ከየቤተሰቡ የድሮ ፎቶዎችን ከነታሪካቸው ሰብስቦ በመጽሐፍ አውጥቷል።

የሚያሳዝነው የኔጋቲቩ ነገር ነው። ፎቶ ቤት ሲዘጋ ወይም ቤት ሲፈርስ ካርቶን ሙሉ ኔጋቲቭ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፤ ምስሉን ዳግም ማውጣት የሚቻለው ግን ከእሱ ነው። እርጥበትና ሙቀት ይጎዱታል፤ ስለዚህ በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ ይቀመጥ። አልበም ያለበት ቤት ደግሞ ትልልቆቹ በሕይወት ሳሉ አብሯቸው ይገለጥ፤ «ይቺ ማናት? ይህስ የት ነው?» ተብለው ይጠየቁ፤ መልሱም በፎቶው ጀርባ፣ በቀለም ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫን ይጻፍ።