ተስፈኛ ክንዶች

ኳስ ሲባል በእግር የሚመታ ብቻ የሚመስለን ልጆች ነበርን። ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን በአንድ ማኪያቶ ሁለት ጨዋታ አይተን የምንወጣ። ኋላ ኑሮ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ሲወስደን አንድ የሥራ ባልደረባ በነፃ ያገኘውን ትኬት ሰጠንና ሜሪላንድ ውስጥ ቦዊ ወደምትባል ከተማ ሄድን። የባልቲሞር ኦርዮልስ ወጣቶች የሚያድጉበት የታችኛው ሊግ ቡድን ሜዳ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን እንደሚካሄድ ሳይገባን ሆት ዶግ በላን።

ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። በጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተው እያንዳንዷን ውርወራ ይጽፋሉ። ውጤቱን የሚያሳየውን ሰሌዳ ዞር ብለው አላዩትም። መሀል ላይ ወደ እኛ ተመልሰው የሚወረውረውን ልጅ በእርሳሳቸው እያመለከቱ፣ «ስሙን ያዙት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በቴሌቪዥን ታዩታላችሁ» አሉን። እኛም ስሙን ያዝን። በሽታው የተጋባብን ያን ቀን ነው።

ልጁ እስከ ዛሬ በቴሌቪዥን አልታየም። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ በሽታ ታሪክ ነው፤ ገና ያልደረሱ ወርዋሪዎችን ስለመከተል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ለማያውቁት ወዳጆቻችን በአጭሩ። በቤዝቦል ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ ከ18 ሜትር ከግማሽ ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው ዱላ ይዞ ይጠብቀዋል። ጥሩ ወርዋሪ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወረውራል፤ መቺው ዓይኑን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ የለውም። መቺው ሦስት ጊዜ ሲሸነፍ «ስትራይክ አውት» ይባልና ይወጣል። ወርዋሪው አራት ጊዜ ዒላማውን ከሳተ ደግሞ መቺው እንደ ጌታ እየተራመደ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሄዳል፤ እሱ «ዎክ» ነው። ጨዋታው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ አንድ ክንድ ነው። ለዚህ ነው ክለቦች ክንድ ሲፈልጉ የሚኖሩት፤ ለዚህም ነው ደጋፊው በክንድ የሚያብደው።

ታችኛው ሊግ ሁልጊዜ የትልቆቹ አገልጋይ አልነበረም። በ1901 የታችኛው ሊግ ማኅበራት ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። የትንሽ ከተማ ቡድን የትንሽ ከተማ ኩራት ነበር፤ ጥሩ ልጅ ሲያገኝ ለትልቅ ክለብ ይሸጠዋል፣ በገንዘቡ ይተዳደራል። ይህን የቀየረው ብራንች ሪኪ ነው። አዎ፣ በ1947 ጃኪ ሮቢንሰንን አሰልፎ የዘር አጥሩን ያፈረሰው ያው ሪኪ። በ1920ዎቹ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስን ሲመራ ክለቡ ልጅ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ታዲያ መግዛት ካልቻልን ለምን አናበቅልም አለ። ታችኛ ቡድኖችን ራሳቸውን እየጠቀለለ ልጆችን በብዛት እያስፈረመ ያሳድግ ጀመር። ስሙም ዛሬ ድረስ «የእርሻ ሥርዓት» ይባላል። እርሻ መሆኑን ልብ በሉልን፤ ብዙ ይዘራል፣ ጥቂት ይታጨዳል፣ የቀረው አፈር ይሆናል።

በ1949 ታችኛው ሊግ ከፍተኛ ጫፉ ላይ ደረሰ፤ 59 ሊጎች ነበሩ። ቴሌቪዥን መጣና ሰዉን ቤቱ አስቀመጠው፤ የትንሽ ከተማ ሜዳዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። የተረፉት ለትልቆቹ ክለቦች ማሳደጊያ ሆኑ።

በዚያ ዘመን ደጋፊው ስለ ተስፈኛ ወርዋሪ የሚያውቀው በወሬ ነበር። ከወሬዎቹ ሁሉ ትልቁ ደግሞ ስቲቭ ዳልኮውስኪ ነው። ከኮነቲከት፣ ከኒው ብሪተን የመጣ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ፣ ቁመቱም እዚህ ግባ የማይባል ልጅ። በ1957 ለኦርዮልስ ፈረመ። ያዩት ሁሉ በምድር ላይ እንደሱ ፈጥኖ የወረወረ የለም ይላሉ። ችግሩ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም። በ1960 በካሊፎርኒያዋ ስቶክተን በ170 ኢኒንግ 262 ስትራይክ አውት አስመዘገበ፤ በነፃ ያሳለፋቸውም እንዲሁ 262 ናቸው። አንዱን ጣለ፣ አንዱን በነፃ አሳለፈ ማለት ነው። ፍጥነቱን ለማወቅ በ1958 ወደ አበርዲን የጦር መሣሪያ መፈተሻ ወሰዱት። ከዋዜማው ጨዋታ ባልወጣ ድካም፣ ያለ መወርወሪያው ጉብታ ወርውሮ መሣሪያው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ለካ። የዓይን ምስክሮቹ ግን እስከ ሞታቸው አላመኑም።

በ1962 ኤልማይራ ላይ አሰልጣኙ ኧርል ዊቨር ረጋ እንዲል አስተማረው፤ ነፃ ማሳለፉ ቀነሰ። በ1963 የፀደይ ልምምድ ላይ በመጨረሻ ወደ ትልቁ ቡድን ሊገባ ሲል ክርኑ ተጎዳ። በቃ። ያ ፍጥነት አልተመለሰም። በ1965 ከጨዋታው ወጣ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የእርሻ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ መጠጥም ጎዳው። ከእርሻ ሥርዓት ወደ እውነተኛ እርሻ። በዚያው የኦርዮልስ ታችኛ ሊግ የተጫወተው ሮን ሼልተን ኋላ ፊልም ሠሪ ሆኖ በ1988 «ቡል ደርሃም»ን ሲሠራ ለአንዱ ገጸ ባሕርይ መነሻ ያደረገው ይህንኑ የዳልኮውስኪን ወሬ ነው። ዳልኮውስኪ ራሱ በ80 ዓመቱ፣ በሚያዝያ 2020፣ ኮቪድ ይዞት በትውልድ ከተማው አረፈ።

እኛን የገረመን ከዚህ ሁሉ ሰው የያዘው ፍጥነቱን ብቻ መሆኑ ነው። ሰውየውስ?

ወሬ ወደ ዝርዝር የተቀየረው በ1981 ነው። አለን ሲምፕሰን የተባለ ካናዳዊ ጋዜጠኛ ኋላ «ቤዝቦል አሜሪካ» የተባለውን ጋዜጣ ጀመረ። ስለ ታችኛው ሊግ በየጊዜው የሚዘግብ ነበር። በ1990 ጋዜጣው ከታችኛው ሊግ የ100 ተስፈኞችን ዝርዝር በደረጃ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጋፊው ያላየውን ልጅ በቁጥር ያውቀዋል። «የእኛ 14ኛ ከእናንተ 30ኛ ይበልጣል» እየተባባለ ይከራከራል።

ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አንደኛ የሆኑት ሦስቱም ወርዋሪዎች መሆናቸው፣ መጨረሻቸውም የተለያየ መሆኑ፣ ለእኛ የዚህ ታሪክ ሁሉ ማጠቃለያ ነው።

የ1990ው አንደኛ ስቲቭ ኤቨሪ ነበር። ደረሰ። በ1991 ገና በ21 ዓመቱ አትላንታ ብሬቭስን ለፍጻሜ ካበቁት አንዱ ሆነ፤ በ1993ም 18 ጨዋታ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳት አገኘውና የቀድሞው ኤቨሪ አልተመለሰም።

የ1991ዱ ቶድ ቫን ፖፕል ነበር። ኦክላንድ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲወጣ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ውል ሰጠው። በትልቁ ሊግ 11 የውድድር ዓመት ቆየ፤ 40 አሸንፎ 52 ተሸነፈ። መጥፎ ሕይወት አይደለም። ግን ዝርዝሩ ቃል የገባው ይህን አልነበረም።

የ1992ቱ ብራየን ቴይለር ነበር። ከሰሜን ካሮላይና የባሕር ዳርቻ፣ ከድሃ ቤት የመጣ ጥቁር ወጣት፣ ግራኝ። ኒው ዮርክ ያንኪስ በ1991 ምርጫ አንደኛ አድርገው መረጡት። መጀመሪያ ያቀረቡለትን ገንዘብ ቤተሰቡ አልቀበልም አለ፤ ለቫን ፖፕል የተሰጠው ለእኛ ልጅ ለምን ያንሳል ብለው ተከራከሩ። ክለቡ በመጨረሻ 1.55 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በታኅሣሥ 1993 ከወንድሙ ጋር በተያያዘ ጠብ ውስጥ ገባ፤ የሚወረውርበት የግራ ትከሻው ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ግን እንደ ቀድሞው ሊወረውር አልቻለም። በትልቁ ሊግ አንዲት ኳስ ሳይወረውር ቀረ።

ሦስት አንደኞች። አንዱ ደርሶ ተጎዳ፣ አንዱ በልኩ ኖረ፣ አንዱ አልደረሰም። በ1996 በተመሠረተው «ቤዝቦል ፕሮስፔክተስ» ዙሪያ የነበሩ ቁጥር ወዳጅ ጸሐፊዎች ይህን ዓይነት ታሪክ አይተው ተስፈኛ ወርዋሪ የሚባል ነገር የለም የሚል አባባል አወጡ። መቺ ሲያድግ ይሻላል፤ ወርዋሪ ሲያድግ ይሰበራል ማለታቸው ነው።

እውነት ለመናገር ሕክምናው አድጓል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የወርዋሪውን የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላኛው ክንዱ በወሰደው ጅማት ተካው። የመመለስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ተብሎ ነበር። በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 1989 ወረወረ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ዳልኮውስኪ ዘመኑ ቀደመና ይህን ዕድል አላገኘም። ዛሬ ቀዶ ሕክምናው በቶሚ ጆን ስም ይጠራል፤ ከመለመዱ የተነሳ ደጋፊው «ቶሚ ጆን ነው፣ ዓመት ከምናምን ይቆያል» ብሎ ስለ መኪና ጎማ የሚያወራ ያህል ያወራዋል።

የዋሽንግተን ልጆች ይህን በስቲቨን ስትራስበርግ አይተነዋል። በ2009 አንደኛ ተመረጠ። በ2010 ሚያዝያ በታችኛው ሊግ ሲጀምር ትንንሾቹ ሜዳዎች እሱን ሊያይ በመጣ ሰው ሞሉ። ሰኔ 8 ቀን ዋሽንግተን ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ 14 ስትራይክ አውት አስመዘገበ፤ አንድም ሰው በነፃ አላሳለፈም። ክረምቱ ሳያልቅ ጅማቱ ተበጠሰ፤ በመስከረም ቀዶ ሕክምና ገባ። በ2012 ክለቡ ክንዱን ለማዳን ከ159 ኢኒንግ በኋላ አሳረፈው፤ ያለሱም በጥሎ ማለፉ ተሸነፈ። ያኔ ክለቡን ያልተሳደበ አልነበረም። እኛም ተሳድበናል። በ2019 ግን ያው ክንድ የዓለም ተከታታዩን ዋንጫ አመጣ፤ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። በዚያው ታኅሣሥ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ በኋላ የተጫወተው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2024 ጡረታ ወጣ።

እሱ ቢያንስ ተከፍሎታል። በእርሻው ላይ የቀሩትስ? አሮን ሴን የተባለ የታችኛው ሊግ ተጫዋች በ2014 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ደመወዛችን ከሕጋዊው ዝቅተኛ ክፍያ በታች ነው ሲል ከሰሰ። ጉዳዩ በ2022 በ185 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። በመሀሉ፣ በ2018፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የታችኛውን ሊግ ተጫዋቾች ከደመወዝ ሕጉ ጥበቃ የሚያወጣ ድንጋጌ በትልቅ የበጀት ሕግ ውስጥ ሸጉጦ አሳለፈ። በ2021 ደግሞ ከትልቆቹ ክለቦች ጋር የተያያዙት ታችኛ ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ወረዱ። ተጫዋቾቹ በ2022 ወደ ማኅበሩ ገቡ፤ በ2023 የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ፈረሙ። ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ብቻ በሚያንሰው ትሪፕል ኤ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ ከ17,500 ዶላር ወደ 35,800 ከፍ አለ። እነዚህ እንግዲህ ነገ ሚሊየነር ይሆናሉ ብለን ስማቸውን የምንሸመድዳቸው ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ክረምቱን ሌላ ሥራ እየሠሩ ሲያልፉት እኛ ስንተኛ ናቸው እያልን ስንከራከር ነበር።

በዚህ ላይ እኛ ደጋፊዎቹ ንጹሐን አይደለንም። የትልቁ ሊግ አስተዳደር በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ጥናት ክንድ የሚሰብረው በዋናነት የፍጥነት ማሳደድ እንደሆነ፣ ልጆች ከትንሽነታቸው በሙሉ ኃይላቸው እንደሚወረውሩ አስታወቀ። ለምን? ፍጥነት ስለሚለካ፣ የተለካው ዝርዝር ውስጥ ስለሚገባ፣ ዝርዝሩን ደግሞ የምናነበው እኛ ስለሆንን።

«ታዲያ ተዉት» ትሉን ይሆናል። አልተውነውም። አንድ ምሳሌ እንንገራችሁና እንሰነባበት። ማርክ አፔል በ2013 ምርጫ አንደኛ የወጣ ወርዋሪ ነው። ትከሻውና ክርኑ ተባብረው አሰቃዩት፤ በ2018 ተወው። የክሽፈት ምሳሌ ሆኖ ስሙ ተነሣ፤ ቀልድም ሆነ። በ2021 ተመለሰ። በሰኔ 2022፣ በ30 ዓመቱ፣ ከተመረጠ 9 ዓመት በኋላ፣ ለፊላዴልፊያ አንድ ኢኒንግ ወረወረ፤ ምንም ነጥብ አልተቆጠረበትም። በትልቁ ሊግ ጠቅላላ የወረወረው 6 ጨዋታ ነው። በዝርዝሩ ሚዛን ይህ ምንም ነው። በእኛ ሚዛን ግን ካየናቸው ምሽቶች አንዱ ነው።

አሁንም ቦዊ እንሄዳለን። ሽማግሌው ካሉ ከኋላቸው እንቀመጣለን። የተቀየረው ጥያቄያችን ነው። ድሮ «ይህ ልጅ መቼ ይደርሳል?» እንል ነበር። አሁን «ዛሬ እንዴት ወረወረ?» እንላለን። የዛሬዋን ውርወራ ዛሬ ካላየናት፣ ነገ ክንዱ ለእኛም ለእሱም ላይኖር ይችላል።

ቸር ይግጠመን።