የተሽከርካሪ ወንበር ታሪክና የጠጋኙ እጅ

የተሽከርካሪ ወንበርን ታሪክ የጻፉ ሰዎች በአብዛኛው የፈልሳፊዎችን ስም ከነዓመቱ ይደረድራሉ። እኔ ዛሬ የማነሣው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወንበሩ ከተሠራ በኋላ ማን አጠበው? ማንስ ጠገነው?

እ.ኤ.አ. በ1655 ለራሱ በእጅ መዘውር የሚሄድ ባለሦስት መንኰራኵር ወንበር የሠራው የኑረምበርግ አካባቢው ሽቴፋን ፋርፍለር፣ እግሮቹ የማይታዘዙለት ሰዓት ሠሪ ነበር። ጥርሱ ቢያልቅ ሊያድሰው የሚችል እጅ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በ1930ዎቹም ታጣፊውን የብረት ቱቦ ወንበር በአሜሪካ ካወጡት ሁለት መሐንዲሶች አንዱ ኸርበርት ኤቨረስት፣ በማዕድን ጉድጓድ አደጋ የተጎዳና ራሱ ተጠቃሚ የሆነ ሰው ነበር።

በአረጋውያን መጦሪያ ግን ይህ ዝምድና ይበጠሳል። ወንበሩ የቤቱ ንብረት ነው፤ ጠዋት አንዱን አረጋዊ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላዋን ይይዛል። የተቀመጠው ሰው ጎንበስ ብሎ ኩሽኔታውን ማየት አይችልም። አስታማሚዋ የተቀጠረችው ሰውን እንድታጥብ እንጂ ወንበር እንድታጥብ አይደለም፤ የጥገና ሠራተኛውንም ቧንቧና መብራት ይዞታል።

ጉዳቱ ከጥቃቅኑ ይጀምራል። ፀጉርና ክር በፊተኞቹ ትናንሽ ጎማዎች ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ መሽከርከሪያውን ያስራል። ስፖንጁ ውስጥ የሰረገ ሽንት መሽተት ብቻ አይደለም፤ ቆዳን ያቆስላል፣ ብረትን ያዝጋል። ከሁሉ የከፋው አየር የጎደለው ጎማ ነው። የብዙዎቹ ወንበሮች ፍሬን ጎማውን ተጭኖ የሚይዝ ስለሆነ ጎማው ሲላላ ፍሬኑም ይላላል፤ እጀታው ተቆልፎ ይታያል፣ ወንበሩ ግን ይሸሻል። አንዲት እናት ለመነሣት መደገፊያውን ስትጫን ወንበሩ ወደ ኋላ ቢንሸራተትባት የዳሌዋ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ይህንን «በእርጅና ምክንያት መውደቅ» ብሎ መመዝገብ ለሐኪምም ለታሪክ ጸሐፊም የሚበጅ አይመስለኝም።

ራሱ የወንበር ተጠቃሚ የሆነው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ሆችኪስ እ.ኤ.አ. በ1980 ኒካራጓ ሲሄድ አንድ ወንበር ለአራት የሚጋሩ ወጣቶች አገኘ። ከዚያ ግንኙነት የተወለደው ወንበር በአገር ውስጥ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራና በሰፈር ወርክሾፕ የሚበየድ ሆነ። በእኛም አገር ቢሆን በልገሳ የመጣው ወንበር ጎማ ጎሚስታው ዘንድ ካለው ልክ ጋር ካልገጠመ፣ የመጀመሪያው ቀዳዳ የመጨረሻው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው መመሪያ የወንበር አገልግሎትን በስምንት እርከን ሲከፍል ክትትልና ጥገናን ስምንተኛው ላይ አኖረ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በጀት ሲያጥር የሚቆረጠው ከጭራው ነው። በውይይቱ ጊዜ ከመካከላችሁ በመጦሪያ ቤት የምታገለግሉ ካላችሁ፣ የጎማ መንፊያውና የብሎን መፍቻው በማን እጅ እንደሚገኝ ብትነግሩኝ እወዳለሁ።