ለአንድ የዓይን በሽታ አራት መፍትሔ፦ ከትራኮማ ታሪክ የምንማረው



በስብሰባችን በየዓመቱ የሚነሳ ክርክር አለ፤ የተዋጣው ገንዘብ ለጤና ጣቢያው ይዋል ወይስ ለንጹሕ ውኃ? ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ በነርስነት ሙያዬ ለዚህ ክርክር ይጠቅማል ብዬ ያሰብኩት የትራኮማን ታሪክ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን በእጅ፣ ፊት በሚጠረግበት ጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ስለያዘ አያሳውርም። በልጅነት እየደጋገመ ሲይዝ ግን የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፤ ከዓመታት በኋላ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይንን እየፋቀ ብርሃን ያጠፋል። ሕፃናትን የሚንከባከቡት ሴቶች ስለሆኑ ጉዳቱ በእነርሱ ይበረታል። ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እያስነቀሉ የኖሩ እናቶችን ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው።

በሽታው የእኛ ብቻ አልነበረም። ናፖሊዮን በ1798 ከጀመረው የግብፅ ዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች የዓይን በሽታ ወደ አውሮፓ ይዘው ገቡ፤ ዛሬ ሙርፊልድስ የሚባለው የለንደን የዓይን ሆስፒታል በ1805 የተመሠረተውም በዚሁ ሳቢያ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒውዮርክ፣ ኤሊስ ደሴት የሚደርሱ ስደተኞች የዓይን ቆባቸው እየተገለበጠ ይመረመር ነበር። ትራኮማ የተገኘበት ወደ መጣበት ይመለሳል። በአውሮፓ በሽታው መቀነስ የጀመረው ፍቱን መድኃኒት ሳይገኝ፣ ኑሮ፣ ውኃና የፍሳሽ ማስወገጃ ሲሻሻሉ ነው። ከዚህ ተነስቶ «ውኃ ብቻ ይበቃል» ማለት ቀላል ይመስላል።

በሌላ በኩል «መድኃኒት ይበቃል» የሚል ተስፋም ነበር። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ለስድስት ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ መቀባት ነበረበት፤ ይህ እርሻና ልጆች ላለባት እናት ከባድ ነው። በ1990ዎቹ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን ሲመጣ ነገሩ ቀለለ። የሆነ ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 አገሮችን ሲያስተባብር በክኒኑ ብቻ አልተማመነም። አራት ነገሮች አብረው እንዲሄዱ ወሰነ፦ ለታጠፈ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ ለመላው ሕዝብ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት።

በኢትዮጵያ በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 ከመቶ ያህሉ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ ከ60 ከመቶ በላይ ነበር። በዚያው ዓመት በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መድኃኒቱ ለሁሉም እየተደጋገመ ሲታደል፣ ባክቴሪያው የተገኘባቸው ሕፃናት በ42 ወራት ውስጥ ከ40 ከመቶ አካባቢ ወደ ጥቂት ከመቶ ወረዱ። ነገር ግን ዕደላው በተቋረጠባቸው ቀበሌዎች በሽታው እንደገና አንሰራራ። በዋግ ኽምራ ደግሞ ተቃራኒው ተሞከረ፦ መድኃኒት ሳይታደል ውኃ ተቆፈረ፣ የፊት መታጠብና የመጸዳጃ ቤት ትምህርት ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ባክቴሪያው ከሌሎቹ ቀበሌዎች ያነሰ ሆኖ አልተገኘም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መድኃኒቱ ዛሬ ያለውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ነገ ከጎረቤት ልጅ የሚመጣውን አይከለክልም። ውኃው መተላለፉን ሊያዘገይ ይችላል፤ በሕፃናቱ ዓይን የሞላውን ግን አያጸዳም። ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ትራባለች፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል። ቆቧ ለታጠፈባት እናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በቀር ሦስቱም አይደርሱላትም። እያንዳንዱ የሚዘጋው አንድ በር ነው። አራቱን ያስተባበሩት ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018 ትራኮማን እንደ ሕዝብ ጤና ችግር ማስወገዳቸው ተረጋግጦላቸዋል።

ይህ ማለት ማኅበራችን ሁሉንም ይሥራ ማለት አይደለም፤ አቅማችንም አይፈቅድም። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። መድኃኒቱ በመንግሥት ፕሮግራም በኩል ይመጣል፤ ቀዶ ሕክምናውን የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይሠሩታል። ስለዚህ «ጤና ጣቢያ ወይስ ውኃ?» ከማለታችን በፊት በየቀበሌው የጎደለው የትኛው እንደሆነ ወረዳውን እንጠይቅ። መድኃኒት በሚታደልበት ቀበሌ ውኃ ከሌለ ጉድጓዱን እናስቆፍር። ውኃ ባለበት ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ከሌለ እርሱን እንሥራ። ለቀዶ ሕክምና ተመዝግባ መጓጓዣ ያጣች እናት ካለችም የመኪና ዋጋዋን እንሸፍን። ያዋጣነው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ሌሎች በጀመሩት ሥራ ላይ የጎደለውን ከሞላ ፍሬው ብዙ ነው።